የሰፈራችን መርዶ ነጋሪ

እትዬ አስካለ የሞቱ ዕለት ከለቅሶው የቀደመው ጭቅጭቅ ነው። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ በቀለ ከሐኪም ቤት እንደተመለሱ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ መሀል ቆሙና፣ ኮፍያቸውን አውልቀው "እንግዲህ ለልጁ ማን ይንገረው?" አሉ። አንዷ ጫማዋን ታያለች፣ አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ ሌላው ዛሬ ገና ያየው ይመስል ወደ ውሃ ታንከሩ ያንጋጥጣል። እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ይህ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። መልሱ ምድር ላይ ባለው ቤት፣ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይኖሩ ነበር።

"የሚነግሩትማ እሳቸው ነበሩ እኮ" አለች አንዷ ጎረቤት። ያኔ ነው ሁላችንም ለቅሷችን የመጣው።

ዳዊት ለእናቱ አንድ ነው። ኮዬ ፈጬ ቤት ደርሶት ከሚስቱ ከሜሮን ጋር እዚያ ነው የሚኖረው። እናቱ ከሰው ለቅሶ ሲመለሱ በራቸው ላይ ወድቀው፣ ሐኪም ቤት ሳናደርሳቸው ታክሲ ውስጥ እንዳለፉ አያውቅም። ማወቅ አለበት፤ ግን እሳቸው ለሰው ሁሉ ያደርጉት እንደነበረው በወጉ፣ በማለዳ፣ ቤቱ ተቀምጦ፣ ከሚያውቀው ሰው አፍ ነው መስማት ያለበት። በስልክ አይሆንም። አንዱ ቸኳይ ፌስቡክ ላይ ፎቷቸውን ከሻማ ጋር ለጥፎ እንዲያየውም አይሆንም። ይህችን አንዲት ነገር ካበላሸንባቸው ምን ዓይነት ጎረቤቶች ነን?

ጋሽ በቀለ ሁላችንንም በየተራ አዩንና ዓይናቸው እኔ ላይ ቀረ።

"ሰናይት፣ ያንቺ ነው።"

"ኧረ በልደታ ማርያም! እኔ? ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቴን የማዞር ሴት?"

"እሳቸው ራሳቸው 'ከኔ በኋላ አንቺ ነሽ' ይሉሽ አልነበር?"

ይሉኝ ነበር። ጉዱ እሱ ነው። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ስለሳቸው ሳስብ እራቴንም ሳልበላ ቀረሁ። ቢያውቁ ኖሮ ይህን ብቻ ነበር የሚቆጡኝ።

እትዬ አስካለ መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ደመወዝ የለውም፣ ማንም አልሾማቸውም። ለእንጀራቸው ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍና ሻማ ይሸጡ ነበር። እገሌ ሞተ፣ ቤተሰቡ አልሰማም ከተባለ ግን ዕቃቸውን ጎናቸው ለተቀመጠችው ነጋዴ አደራ ብለው ይነሱና፣ ያንን ክረምት ከበጋ የማይወልቅ ጥቁር ሹራባቸውን እየቆለፉ "እሺ፣ የማን ቤት ነው?" ይላሉ። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ አጠር ደንደን ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ነበሩ። "እንዴት አደሩ እትዬ አስካለ?" ካልኳቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "ደክሜ።" እግዚአብሔር ይመስገን የምትለው ቃል የምትመጣው ትንሽ ቆይታ ነው። "መጀመሪያ እውነቱን፣ ቀጥሎ ምስጋናውን" ይሉኛል። እኔም እንደሳቸው ሆኛለሁ መሰለኝ፤ ቢሮ ውስጥ "ሰላም ነሽ?" ሲሉኝ "ደክሞኛል" እላለሁ፣ ሰዉም መጠየቅ ትቷል።

እዚህ ሥራ ውስጥ የገቡት ከድንጋጤ ነው። ያኔ ጌጃ ሰፈር ነበር ቤታቸው። ያሳደጋቸው ታላቅ ወንድማቸው ክፍለ ሀገር ይሞታል። ሰፈሩ ይሰማና፣ እንደ ወጉ በማግስቱ ማለዳ ሊያረዳቸው ይመካከራል። እሳቸው ምኑንም ሳያውቁ አመሻሽ ላይ ሽንኩርት ሊገዙ ሱቅ ይሄዳሉ።

"ባለሱቁ ሽንኩርቱን እየመዘነ 'እግዜር ያጥናሽ እትዬ፣ ጥሩ ሰው ነበሩ አሉ' አይለኝም? 'ማን?' አልኩት። የተረዳሁ መስሎት ነው ምስኪን። ክው አለ። ከዚያ በኋላ ምን ይበል? ሁለት ራስ ሽንኩርት መረቀልኝ።"

ይህን ሲያወሩ ሁሌም ይስቃሉ፣ ሁሌም ሳቁ መሀል ላይ ይቋረጥባቸዋል። "ስሚ ሰናይት፣ ያሳደገኝን ወንድሜን እንደዚያ ነው የሰማሁት፤ ቆሜ፣ ዘንቢል ይዤ። የሚይዘኝ ሰው እንኳ አጠገቤ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ብቻውን አይስማ ብዬ ነው የምለፋው።" ሌላ ሰው ቢሆን ባለሱቁን ዕድሜ ልኩን ይቀየመው ነበር። እሳቸው ግን ጌጃ ሰፈር በሄዱ ቁጥር ሱቁ ገብተው ሰላም ይሉታል፤ ሰውየው እስከ መጨረሻው ሲያያቸው ይደነባበር ነበር።

እኔንም አርድተውኛል። አባቴ የሞተ ጊዜ ነው። የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ልድረስ ብዬ ደረጃውን ስንደረደር፣ ታች ቆመው ጠበቁኝ።

"ቁርስ በልተሻል?"

"ረፍዶብኛል እትዬ፣ ቢሮ እበላለሁ።"

"ግቢ።"

"እትዬ አስካለ፣ አለቃዬን ስለማያውቁት ነው..."

"ግቢ አልኩሽ! ፍርፍር ሠርቻለሁ።"

ሰዓቴን እያየሁ በላሁ። በሆዴ እየተሳደብኩ ነው የበላሁት፤ ይህች ሴትዮ ሰው ሁሉ እንደሷ ጊዜ የተረፈው ይመስላታል እንዴ እያልኩ። ትሪውን ካልጨረስሽ አሉኝ፤ ጨረስኩ። እጄን ስታጠብ ጋሽ በቀለ ገቡ። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉ። እትዬ አስካለ አጠገቤ ተቀመጡና እርጥብ እጄን ጭምድድ አድርገው ይዘው "ሰናይት፣ አባትሽ ሞተ" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስጮህም አልለቀቁኝም።

ለቅሶው ከበረደ በኋላ ጠየቅኳቸው። "እንዴት አስችሎዎት ነው ፍርፍር ያጎረሱኝ?"

"ታዲያ በባዶ ሆድሽ ልታለቅሺ ነው? ከዚያ በኋላ እህል እንደማይወርድልሽ አውቃለሁ እኮ።"

"ደግሞ እንደዚያ በደረቁ! ሌላው ሰው እኮ መጀመሪያ 'ታሟል' ይላል፣ ቀስ አድርጎ ነው..."

"አዎ፣ ታሟል ይልሻል፤ አንቺ ደግሞ ሐኪም ቤት ልትሄጂ ጫማ ትፈልጊያለሽ። አይደረግም! ሞተ የሚለው ቃል ከአፍሽ መውጣት አለበት። ሰው ተስፋ እንዲያደርግ አድርገሽ ተስፋውን ከምትነጥቂው፣ አንዴ ብትመቺው ይሻለዋል።"

ተቀየምኳቸው እንዳልል አልተቀየምኳቸውም። ግን ለብዙ ጊዜ ፍርፍር ሲቀርብልኝ ትሪውን ወዲያ እገፋው ነበር።

ለሐዘን ያላቸው አስተያየት ከንስሐ አባታቸው ጋር ሳይቀር ያነታርካቸዋል። "ቀኑ ደርሶ ነው" የሚል አጽናኝ አይወዱም። "የራሱ ቀን ሲደርስ እስኪ እናየዋለን" ይላሉ፣ በሹክሹክታ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰውየው እየሰማ። ለቅሶ ቤት ረጅም ምክር የሚሰጥ ሰው ካዩ "ወንድሜ፣ ይቺን ውሃ አቀብልልኝ" ብለው ያስነሱትና ቦታው ላይ ይቀመጣሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለሌላውም ነገር ሐሳብ አያጡም፤ ጠየቃችኋቸውም አልጠየቃችኋቸውም ይናገራሉ። ባሌ አኩርፎኝ ሳማርራቸው "ባል የኮንዶሚኒየም ውሃ ነው" አሉኝ። "ሲመጣ አመስግነሽ ቅጂ፣ ሲጠፋ በጀሪካንሽ ኑሪ። ቧንቧውን ስትሰድቢ መዋል ምን ያደርግልሻል?" አለቃዬ ሲያሰቃየኝ ደግሞ "ጡረታው መቼ ነው?" ብለው ጠየቁኝና ስነግራቸው "ታዲያ እድሜ ካንቺ ጋር ነው፣ ቻይው" ብለው ሻማቸውን መደርደር ቀጠሉ። ልጆቼን ስጨቀጭቅ ከታች ሆነው ይሰሙኝ ኖሯል። "ምከሪ፣ ግን አጭር አድርጊው። አንቺ ስታበዢው እኔ ራሴ ጥፋታቸው ምን እንደነበር ጠፋብኝ" አሉኝ። ተናድጄ ሳምንት ሙሉ በመስኮት አልታየሁም። በኋላ ሳስበው እውነታቸውን ነው።

አንድ ጊዜ ግን እሳቸውም ተሳሳቱ። ወደ ኮንዶሚኒየሙ የገባን ሰሞን ነው። ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እኛ ራሳችን የሰው በር በቁልፋችን ስንታገል ነው የምንውለው። በሌላ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ለምትኖር ሴት መርዶ ሊነግሩ ማልደው ተሰባሰቡ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ ወጣንና አንኳኳን። የከፈተችው ሴት ገና ጥቁር ለብሰን ስታየን፣ አንድ ቃል ሳንናገር "ወንድሜን! ወንድሜን! ጅማ ነው አይደል? ወንድሜን!" ብላ መሬት ወደቀች። ፎቁ ሁሉ ወጣ። ጎረቤቶቿም ስሟን እየጠሩ አብረው ይጮኻሉ። ጋሽ በቀለ የያዙትን ስም በጆሮዬ ሹክ አሉኝ፤ ሴትዮዋ ሌላ ናት። ብሎኩን ስተናል!

እኔ ብሆን ደረጃውን በሩጫ ነበር የምወርደው። ጋሽ በቀለ ራሳቸው ሁለት ደረጃ ወርደው ነበር። እትዬ አስካለ ግን መሬት አጠገቧ ተቀመጡ፣ ያንን የሚያማቸውን ጉልበት አጥፈው። "ስልክሽ የት አለ? ወንድምሽ ጋ ደውዪ" አሏት። ደወለች። ወንድምየው እንቅልፉ ሳይለቀው "ሃሎ?" ሲላት ሴትዮዋ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ከመጀመሪያው ይልቅ አለቀሰች። እትዬ አስካለም አለቀሱ። "ይቅር በይኝ እህቴ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አሏት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ረገመቻቸው፣ ቀጥሎ አቀፈቻቸው። እኛ ግን ገና ሥራችን አላለቀም። ተነስተን ወደ ትክክለኛው በር መሄድ ነበረብን።

"ያልሞተበትን ሰው ማጽናናት የባሰ ነው" አሉኝ ደረጃውን እየወረድን፣ ትከሻዬን ተደግፈው። "የሞተበት ሰው ከኔ የሚፈልገውን ነገር ያውቃል። ያቺ ግን ምን ልስጣት?"

ከዚያ ወዲህ የማንንም በር ጠዋት በባዶው አያንኳኩም። ጨው ቢቸግራቸው፣ ዕቃ ቢመልሱ፣ ገና ከደረጃው ሥር "ለደህና ነው! ለደህና ነው!" እያሉ ነው የሚወጡት። አዲስ የገቡ ተከራዮች ያበዱ ሴትዮ ይመስሏቸው ነበር። ሰፈሩ ግን አይስቅም፤ ያችን ድምፅ ካልሰማ የሰው ልብ አያርፍም።

ደከማቸው። ይህን ማንም አላስተዋለም፣ እኔም ዘግይቼ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ጎናቸው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ጫማቸውን አውልቀው ያበጠ እግራቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው አገኘኋቸው።

"ሰው ፊቴን ሲያይ ይደነግጣል ሰናይት። ባለፈው ሰርግ ሄጄ ነበር፤ ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሰላም ካለኝ በኋላ ስልኩን አውጥቶ እናቱ ጋ ደወለ። ደህና መሆኗን ሊያረጋግጥ ነው እኮ! በሰርግ ላይ!"

ሳቅኩ። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ግን ቆየት ብለው "ወጣት እያለሁ ደስ የሚል ፊት ነበረኝ" አሉ። አሁንም ደስ የሚል ፊት አለዎት ማለት ነበረብኝ፤ ሰው ደግሞ ቶሎ አይመጣለትም።

"ይበቃዎታል እንግዲህ። ሌላ ሰው ይንገር" አልኳቸው።

"ማን? አንቺ ትነግሪያለሽ?"

"እኔን ይተዉኝ እባክዎ። ለምን እኔ?"

"ነጭናጫ ነሽ። ነጭናጫ ሰው ነገር አያሽሞነሙንም። ደግሞ ሰው ሲያለቅስ አብረሽው አትጮኺም፣ ትይዢዋለሽ። አይቼሻለሁ።" እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። "አንድ ብቻ ነው የማልሰጥሽ። የዳዊትን።"

የዳዊት አባት ከሳቸው ጋር ከተለያየ ዘመን አልፎታል፤ አዳማ እህቱ ዘንድ አልጋ ከያዘ ሰንብቷል፤ ዛሬ ነገ እየተባለ ነው። ዳዊት እየተመላለሰ ይጠይቀዋል።

"ልጄን ለማንም አልሰጥም፤ እኔው ነኝ የማረዳው። ነግሬዋለሁ። ጋሽ በቀለን አስከትዬ በማለዳ በርህን ካንኳኳሁ አባትህ ነው ማለት ነው፤ ቁርስህን ብላና ጠብቀኝ ብዬዋለሁ።"

"እንዴት እንዲህ ተብሎ ለልጅ ይነገራል!"

"የኔ ልጅ አይደል? ሥራዬን ያውቃል።" ጉልበታቸውን አሹ። "ያ አራተኛ ፎቅ ነው የሚገድለኝ። ሊፍት የለው፣ ድጋፍ የለው። በሄድኩ ቁጥር እሱ ነው እየደገፈ የሚያወጣኝ።"

እንግዲህ የተሰጠኝ ሥራ ይህ ነው። እሳቸው ለማንም አልሰጥም ያሉት።

በዚያው ምሽት ለሜሮን ደወልኩላት። ለሚስት መንገር ግዴታ ነው፣ አለበለዚያ ስልኩን ማን ይይዘዋል? ጮኸች፤ ደግነቱ ዳዊት ከሥራ አልገባም ነበር። "አልቅሺና ታጠቢ" አልኳት። "ስልኩን ነጥቀሽ ደብቂው። ጠዋት ቁርስ ስጪው። እኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደርሳለን።" ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የተናገርኩት በሳቸው አነጋገር መሆኑ ገባኝና እኔም ተራዬን አለቀስኩ።

ማለዳ በኮንትራት ሚኒባስ ሄድን፤ ጋሽ በቀለ፣ ሁለት ጎረቤት ሴቶችና እኔ። መንገዱ ሩቅ ነው። እኔ በውስጤ እለማመዳለሁ። ዳዊት፣ እናትህ ሞተች። ሦስት ቃል ነው። በልጅነቱ ደብተር እያስያዝኩ ትምህርት ቤት ያደረስኩት ልጅ ነው። የሚሸሸው ነገር ሲኖር እኔ ቤት ነበር የሚደበቀው። ደግሞ 'ከኔ በኋላ አንቺ ነሽ' ያለችኝ እሷ ናት! እያልኩ ተናደድኩባቸው። በሞተ ሰው መናደድ ደግ አይደለም፣ ግን ተናደድኩ፤ መናደዱ ከማልቀሱ ይሻለኝ ነበር።

አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ጋሽ በቀለ ትንፋሽ አጥሯቸው ግድግዳውን ያዙ። ሜሮን በሩን ከፈተች። ዓይኗ አብጧል፤ ለሱ ጥርሴን አሞኝ ነው ብላው ነው ያደረችው። ዳዊት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስልኩ የጠፋበት ስለመሰለው የሶፋው ትራስ ሁሉ ተገለባብጧል። ሻይና ዳቦው ተጋምሷል። ሲያየን የያዘውን ዳቦ አስቀመጠና ቀስ ብሎ ተነሳ።

"አባዬ ነው፣ አይደል?" አለ።

እኔ ወደሱ አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

"ገና ሳያችሁ አውቄዋለሁ። እሺ። እሺ።" እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በዓይኑ ተራ በተራ አየን፤ ጋሽ በቀለን፣ ሴቶቹን፣ እኔን። ከዚያ ከኛ ኋላ ክፍት ወደሆነው በር አየ።

"እማዬስ?"

"ዳዊትዬ፣ ተቀመጥ እስኪ" አሉት ጋሽ በቀለ።

"ደረጃው ነው አይደል? ስንት ጊዜ ነው የነገርኳት፣ ስትመጪ ከታች ጥሪኝ ብዬ!" ጫማውን በእግሩ ፈለገ። "እንዳትነግሩኝ። ቆዩ። እሷ ናት የምትነግረኝ፣ ቃል ገብታልኛለች። ደግፌ ላምጣት።"

በመሀላችን ሰንጥቆ ወጣ። ጫማው እንኳ በቅጡ አልገባለትም፤ ተረከዙን እየረገጠ በደረጃው ቁልቁል ወረደ። ጋሽ በቀለ ግድግዳውን እንደያዙ ቀሩ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ተከትዬው ሮጥኩ። ድምፁ በደረጃው ጉድጓድ ውስጥ እስከ ታች ይወርዳል።

"እማ! እዛው ቁሚ! እንዳትወጪ፣ መጣሁልሽ!"

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረስኩበትና ከኋላው ሸሚዙን ያዝኩት። ዞረ። ፊቱ የሳቸው ፊት ነው፤ ያን ዕለት ነው በደንብ ያየሁት። ከሚኒባሱ ጀምሮ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ዳዊት፣ እናትህ ሞተች።"

አየኝ። ከዚያ በደረጃው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች፣ ወደ መግቢያው ተመለከተ፤ ለረጅም ጊዜ።

"ታችም የለችም?" አለኝ።

"የለችም" አልኩት።